ከቤቱ ጋር የተመረቀ

«ለእሷ ይበቃታል» ሲል ሰማችው። የሻይ ኩባያዎቹን በትሪ ይዛ በኮሪደሩ እየመጣች ነበር፤ የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር የወንድሟ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። ሚስቱ የመለሰችው አልተሰማትም፤ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማውራት ታውቅበታለች። ወንድሟ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ሹክ ማለት አይሆንለትም። «ሰርቪስ ቤቱ አልጋ ያስገባል፣ ቁም ሳጥን ያስገባል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለች? ብቻዋን ናት» አለ ቀጥሎ። ትሪውን እንደያዘች እዚያው ቆመች። ወደፊት ብትሄድ እንደሰማች ያውቃሉ፤ ወደኋላ ብትመለስ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ትንሽ ቆይታ ጉሮሮዋን ጮክ አድርጋ ጠረገችና፣ ገና ከወጥ ቤት የወጣች አስመስላ ገባች።

እትዬ ነው የሚሏት። ስሟን የሚጠራ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ወንድሟ አፉን ሲፈታ እትዬ አላት፤ ሚስቱ ከእሱ ወረሰችው፤ የደንብ ልብስ ትሰፋበት በነበረው ድርጅት ያሉት ሴቶችም አንድ ቀን ወንድሟ በር ላይ መጥቶ ሲጠራት ሰምተው ያንኑ ያዙ። ዓይኗ ደክሞ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅታት ሥራውን ተወች፤ የራሷን የስፌት መኪና ግን አልተወችም። እናትና አባታቸው የተዉላቸው ቤት ሲሸጥ ወንድሟ «አንድ ላይ የምንኖርበት እገዛለሁ እትዬ» አላትና ፈርሚ ባላት ቦታ ሁሉ ፈረመች። አዲሱ ቤት ከገቡ ሳምንት አልሞላቸውም። እስካሁን የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ማንም ደብቂ ሳይላት፣ ሰው ሳይነሳ ብርድ ልብሷን አጥፋ ከሶፋው ጀርባ ትደብቃለች። የስፌት መኪናዋ ጓሮ፣ ሰርቪስ ቤቱ በር አጠገብ፣ ላስቲክ ተደርጎባት ክፍሉ እስኪለቀቅ ቆማለች።

ክፍሉ ያልተለቀቀው ሙሉ ስለሆነ ነው። የቤቱ የቀድሞ ባለቤቶች ትልቁን ቤት እስከ መጋረጃ መስቀያው ጠርገው፣ አምፖሉን ሳይቀር ነቅለው ሲሄዱ፣ ሰርቪስ ቤቱን ግን እንደነበረ ዘግተውት ነው የሄዱት። የወንድሟ ሚስት መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ዛሬ ተረኛ አልነበረችም። ሻዩን እየጠጣች ለቀድሞዋ ባለቤት ደወለችና ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትንሽ ሳቀች። ስትዘጋው «ጣሉት ነው የምትለው» አለች። «የተረፈውን እንደ ምርቃት ቁጠሩት አለችኝ።» ወንድሟም ሳቀ። ምርቃት ስትል ነጋዴ ሚዛኑን ካስተካከለ በኋላ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ሽንኩርት ማለቷ ነበር። ሚስቱ ወደ እትዬ ዞር ብላ «ከሰዓት በኋላ አሮጌ ዕቃ ገዢ በጋሪ ያልፋል። እስከዚያ ውስጡ ያለውን በር በሩ ላይ አውጥተው ቢያቆዩልን ጥሩ ነበር። እርስዎም ሶፋው ላይ መተኛቱ ወገብዎን ጎዳዎት» አለቻት። ሙሽራ ሆና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ እርስዎ ነው የምትላት። አንድም ቀን ክፉ ተናግራት አታውቅም፤ አንድም ቀን ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብላ አታውቅም።

የሰርቪሱ በር ሁለት መዝጊያ ነበረው። አንደኛው የተለመደው ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ወፍራም የብረት መቀርቀሪያ ሲሆን በውጭ በኩል ተበይዷል። ከውስጥ ምንም የለም። እትዬ መቀርቀሪያውን ወደዚህ ወደዚያ ገፋ ገፋ እያደረገች ስታየው የወንድሟ ሚስት ከኋላዋ ሆና «ሌባ ፈርተው ይሆናል» አለች። ሌባ ከውስጥ ወደ ውጭ እንደማይመጣ ሁለቱም ያውቃሉ። ውስጡ የቅባት መድኃኒትና አየር ያላገኘ ጨርቅ ይሸታል። ቁም ሳጥንና ጠባብ አልጋ አለ፤ ብርድ ልብሱ በአንድ ወገን ተገልጧል፣ ትራሱ መሐሉ ጎድጉዷል፣ ተኝቶበት የነበረ ሰው ፊቱን ሊታጠብ የወጣ ይመስላል። ከአልጋው ራስጌ እስከ በሩ ድረስ ግድግዳው ላይ የውኃ ቧንቧ ብረት እንደ መደገፊያ ተመቷል፤ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቆ አብለጭልጯል። አልጋው ሥር ፖፖ አለ፣ ታጥቦ የተደፋ። አውራ ጣቱ ጋ በምላጭ የተቀደደ ጥቁር ጫማ አለ። መስኮቱ ብረት ላይ በገመድ የታሰረ ማንኪያ ተንጠልጥሏል፤ ከጎኑ ያለው ብረት ቀለሙ ተፈቅፍቋል። ማንኪያው ለምን እንደሆነ እትዬ የገባት ቆይቶ ነው። ሰው ለመጥራት ነው።

የወንድሟ ሚስት ከመስኮቱ ሥር የመድኃኒት ካርቶን አነሳችና እንደ ልማዷ ጀርባውን አነበበች። «የደም ግፊት ነው። ጊዜው እንኳ አላለፈበትም» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ቧንቧውን በዓይኗ ከራስጌ እስከ በር ተከተለችና «ይሄ አይነቀል፣ ልብስ ማስጫ ይሆንዎታል» አለች። ጓንት እንድታደርግ አስታውሳት ወጣች።

እትዬ ጓንቱን አላደረገችም። ልብሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች አጠፈች፤ የሰው ልብስ ጠቅልሎ መጣል እጇ እምቢ አላት። አራት የሌሊት ልብሶች ነበሩ፣ ሁሉም የተጣፉ። ስፌት ሥራዋ ስለነበር ዓይኗ የተጣፈው ላይ አረፈ። የመጀመሪያው የተጣፈው በትናንሽ እኩል ስፌት ነው፣ እትዬ ራሷ በደህና ዘመኗ ከዚያ የተሻለ አትሠራም። የሚቀጥለው ስፌቱ ረዘም ረዘም ብሏል። ሦስተኛው ላይ መርፌው አንዳንድ ቦታ ስቶ ሌላ ቦታ ወጥቷል። የመጨረሻው አልተሰፋም፤ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ልብሶቹን ጭኗ ላይ እንደደራረበች አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። እዚህ የኖረችው ሴት ማን እንደሆነች አታውቅም፤ ዓይኗ እንዴት እንደደከመ ግን አሁን ታውቃለች።

መጋረጃውን ስታወርድ ከኋላው፣ መስኮቱ ደፍ ጥግ ላይ፣ በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር አገኘች። ቋጠሮው ድርብ ነው፤ በጥርሷ ነው የፈታችው። ውስጡ ጥርስ ነበር፣ ሰው ሠራሽ፣ የላይኛውም የታችኛውም፣ ንጹሕ ሆኖ ታጥቦ የደረቀ። ይዛው ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። የወንድሟ ሚስት ስታየው ፊቷን አዞረች። «ይጣሉት እትዬ፣ በሽታ ነው።»

«ሴትየዋ ሞታ ይሆን?»

«ሳትሆን አትቀርም። አልጠየቅኳትም» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

እትዬ ጥርሱን መልሳ ቋጠረችው። ከሞተች ነገሩ ያለቀ ነው። ካልሞተችስ? ያለ ጥርስ ምን ትበላለች? ይሄ አንድ ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። የሟች ከሆነ መጣሉም ቀላል ይሆንላታል ብላ፣ ሳሙና ልግዛ በሚል ሰበብ ልትጠይቅ ወደ ሱቅ ወጣች።

ባለሱቋ ከመስኮቷ ብረት ጀርባ ተቀምጣ ስኳር በትናንሽ ላስቲክ ትቋጥራለች። «አዲሶቹ ናችሁ አይደል? ደግ አደረጋችሁ፣ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ጣሪያው ብቻ ነው የሚያፈሰው» አለቻት። እትዬ ሳሙናውን ተቀብላ ቆም አለች። «ሰርቪስ ቤት የነበሩት ሴትዮ መቼ ነው የሞቱት?» አለች።

«ማን፣ እማማ?» ባለሱቋ መቋጠሩን አቆመች። «ኧረ አልሞቱም። ሞት ራሱ አድራሻቸው ጠፍቶበት ነው» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ለራሷም አልጣማት። ቤቱን የሸጠው ሰውዬ አክስት እንደሆኑ ነገረቻት። ወልደው አያውቁም፤ እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲያደርሱት፣ ሲመልሱት ይህ ሰፈር በሙሉ ያውቃል። «እነሱ የገቡበት አፓርታማ ፎቁ ከፍ ያለ ነው፣ አሳንሰሩም አይሠራም። ደረጃ አይወጡልንም ብለው መጦሪያ አስገቧቸው፣ ከተማው ዳር ያለው። አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ መጣ፣ ሐኪም ቤት ደርሶ እንደሚመለስ ሰው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ‹ድመቷን አደራ፣ እስክመጣ› ነው ያሉኝ። ይኸው ድመቷ እኔ ጋ ሁለቴ ወለደች።»

ወደ ቤት ተመልሳ የቀረውን ልብስና ዕቃ በር ላይ ደረደረችው። ፖፖውን፣ ጫማውን፣ የመርፌ ቁልፍ የያዘውን የሌሊት ልብስ ሁሉ። ለወንድሟ ሚስት «አንድ ቦታ ደርሼ እመጣለሁ» አለቻት፤ የት እንደሆነ አልተጠየቀችም። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቋጠሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ሳይሆን እጇ ላይ ነው የያዘችው፣ እንዳይሰበር። አጠገቧ የቆመ ሰውዬ ገንዘብ መስሎት ይሁን አይታወቅም፣ ደጋግሞ ያየዋል። ልቧ ቀለል ብሏት ነበር። ከስንት ዘመን ወዲህ ማንም ሳይልካት፣ ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ሐሳብ የሆነ ቦታ ሄዳ አታውቅም። ሴትየዋ ጥርሳቸውን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አሰበች። ምናልባት እዚያው አድርገውት ይስቃሉ። ዳቦ ገዝታ ልትገባ አሰበችና ከመጦሪያው በር ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ለስላሳውን መርጣ ገዛች።

ዘበኛው «ለማን ነው?» ሲላት ስም አታውቅም። ያየችውንና የሰማችውን ነገረችው፤ አክስት ናቸው፣ ልጅ የላቸውም፣ ጥርስ የላቸውም አለችው። «እዚህ ጥርስ ያላቸው ይቆጠራሉ» አለና ተንከባካቢዋን ጠራት። ተንከባካቢዋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ወጣት ናት፤ ወዲያው አወቀቻቸው። «የበሯ እማማ ናቸው! ጠያቂ መጣላቸው እንግዲህ» ብላ በደስታ መራቻት።

አሮጊቷ የግቢውን በር ፊት ለፊት በሚያይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሳቸው ልክ ያልተሰፋ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ እጅጌው ጣታቸውን ውጦታል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቶ አፋቸው ገመዱ እንደተሳበ ኮሮጆ ተጨማዷል። ዓይናቸው ግን ንቁ ነው፤ ገና ከሩቅ ስትመጣ ከእግሯ ጀምረው አዩዋት።

«እንደምን ዋሉ እማማ።»

«ከቤት ነሽ?» አሉ። ቃሉ ጥርስ በሌለው አፍ ውስጥ ተንሸራተተ፣ ግን ይሰማል።

«አዎ፣ ከቤት ነኝ» አለች እትዬ። ውሸት አልነበረም።

«ላከሽ?»

«አይ፣ እኔው ነኝ የመጣሁት። ይሄን ረስተው…» ብላ ቋጠሮውን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ፊታቸው እስኪበራ ጠበቀች። አሮጊቷ ቋጠሮውን አዩት እንጂ አልነኩትም።

«አልረሳሁትም» አሉ። «ትቼው ነው።»

አሮጊቷ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብለው ቀጠሉ። ቤቱ እየታደሰ ነው፣ እስኪያልቅ ነው አላቸው ያሳደጉት ልጅ። እሳቸውም አመኑት፤ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ትቶ መሄድ ይሻላል ብለው አሰቡ። ልብስ ቢተዉ ልብስ ይገዛል። ብርድ ልብስ ቢተዉ እዚህም አለ። «ጥርሱን ትቶ የሚቀር ሰው ግን አለ? ቢረሱኝ እንኳ አንድ ቀን መስኮቱን ሊወለውሉ ሲገቡ ያዩታል። ያዩታልና፣ እማማ ያለ ጥርስ ምን ትበላለች ብለው ይደነግጣሉ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አልጨረሱም እንዴ እድሳቱን?» ሲሉ ጠየቋት።

እትዬ እየጨረሱ ነው ብትል ኖሮ፣ ትንሽ ይቀረዋል ብትል ኖሮ፣ ነገሩ እዚያው ላይ ያልፍ ነበር። በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ሆና እንዲህ ማለት ይቻል እንደነበር ደጋግማ አስባለች። በዚያች ሰዓት ግን ያንን ዓይን እያየች የመጣላት እውነቱ ብቻ ነበር።

«ቤቱን እኮ ወንድሜ ገዛው፣ እማማ።»

ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሬዲዮውን እየነካካ ጣቢያ ይፈልጋል፤ ጩኸት፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ እንደገና ጩኸት።

«ገዛው?»

«አዎ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

«የኔንም ክፍል?»

እትዬ አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ እጃቸውን ከእጅጌው ውስጥ ፈልገው አወጡና ጉልበታቸውን አሻሹ፣ ብርድ እንደተሰማው ሰው። «ማን ሊገባበት ነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ወንድምሽ ታላቅሽ ነው?»

«ታናሼ ነው።»

«አሳደግሽው?»

«አሳደግኩት።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይመክሩኛል ወይም ያለቅሳሉ ብላ እትዬ ጠብቃ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም። «መስኮቱ በታች በኩል ነፋስ ያስገባል» አሉ። «ጨርቅ ወትፊበት። ዝናብ ሲሆን ደግሞ አልጋውን ከግድግዳው ራቅ አድርጊው፣ ውኃው በዚያ ነው የሚወርደው። እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።» ከዚያ ቋጠሮውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አድርገው ወደ እሷ መለሱት። «በይ ውሰጂው። የነበረበት ቦታ አስቀምጪልኝ።»

«እማማ፣ እንዴት አድርገው ይበላሉ?»

«እስካሁን እንደበላሁት። አንቺም አልመጣሽም፣ እኔም አልሰማሁሽም።»

ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግቢው በር መለሱ። እትዬ ዳቦውን አግዳሚው ላይ ብታስቀምጠው አሮጊቷ አላዩትም፤ ወይም እንዳላዩት ሆኑ። ስትወጣ ተንከባካቢዋ ዘበኛው ቤት አጠገብ ያዘቻት። ደስታዋ ጠፍቷል። «ነገሯቸው?» አለቻት፤ እትዬ ዝም ስትል ዝምታውን መልስ አድርጋ ወሰደችው። «ሁላችንም እኮ እናውቃለን። ሰውየው መጀመሪያ ሰሞን ሲመጣ ቤቱ እንደሚሸጥ ነግሮናል። እሳቸው ግን ያቺን በር እያዩ ነው ሾርባቸውን የሚጨርሱት። ምን ቸገረዎት? አሁን ማታ አፋቸውን ከፍቼ የማበላው እኔ ነኝ፣ እርስዎ አይደሉም።» ክፉ ልጅ አይደለችም። እትዬ ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ ይቅርታው ለማን እንደሚደርስ ስላላወቀች ሳትለው ወጣች።

አውቶቡሱ ሲመለስ ወንበር አገኘች። ቋጠሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው። ቤት ቁጭ ብላ ብትውል ኖሮ፣ ይጣሉት ስትባል ብትጥለው ኖሮ፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ያለችው ሴት ዛሬም ነገም የምትጠብቀው ነገር ይኖራት ነበር። ያቺ የቀድሞዋ ባለቤት በአንድ ስልክ የጣለችውን እሷ ተሸክማ ወስዳ ሰው ጭን ላይ ጣለችው። የመስኮቱ መስታወት ላይ ፊቷን አየችው፤ ጉንጯን ወደ ውስጥ ስባ ጥርስ የሌለው አፍ ምን እንደሚመስል ሞከረች፣ ከዚያ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ስታያት አፍራ ተወችው።

ስትደርስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። በር ላይ የደረደረችው ዕቃ የለም። ገዢው መጥቶ ሄዷል፤ የጋሪው ጎማ ጓሮው አፈር ላይ ሁለት መስመር ትቷል። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አልጋውም፣ ቁም ሳጥኑም፣ ትራሱም የለም። የወንድሟ ሚስት ጠርጋው ውኃ ረጭታበታለች፤ በቀረው ቧንቧ ላይ አንድ የልብስ መስቀያ አንጠልጥላለች፣ እንኳን ደህና መጡ እንደማለት ይሆናል። ክፍሉ ባዶውን ሲታይ ከጠዋቱ ያንሳል። እትዬ ቋጠሮውን አውጥታ መስኮቱ ደፍ ጥግ ላይ፣ አቧራው ያልነካው ነጭ ክብ ላይ አስቀመጠችው። ማንም እንደማይመጣለት ታውቃለች፤ ቢሆንም አስቀምጪልኝ ተብላለች። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ልታስገባ ወደ በሩ ዞረች።

ላስቲኩ መሬት ላይ ነበር፣ ተጣጥፎ። መኪናዋ የለችም።

የወንድሟ ሚስት ወጥ ቤት ውስጥ ሩዝ ትለቅም ነበር። «በላስቲክ የተሸፈነችው?» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ እትዬ። የእነሱ መስላኝ እኮ ነው። ሰውየው ‹ይቺም ትጫን?› ሲለኝ ከእነሱ ዕቃ ጋር ስለቆመች…» አልዋሸችም፤ ፊቷ ላይ እውነተኛ ድንጋጤ ነበር። የሰውየውን ስልክ አልያዘችም፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ነው የጠራችው። እትዬ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጥታ እስከ አስፋልቱ ሄደች። በአስፋልቱ ላይ መኪና ነው የሚተላለፈው፣ ጋሪ የሚባል አልነበረም። የተላላኪ ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰውዬ ጠየቀች፤ ራሱን ነቀነቀ። ባለሱቋ ከመስኮቷ ሆና «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» አለቻት። «ምንም» ብላት አለፈች።

ወንድሟ ማታ ሲገባ ሚስቱ ቀድማ ነግራው ነበር። ለእራት ሲቀመጡ ነገሩን በደግነት ጀመረው። «አይዞሽ እትዬ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ» አላት። ሩዝና አትክልት ነበር፤ ከሦስቱ ሳህን የእሷ ላይ አብዝታ ነው የጨለፈችላት የወንድሟ ሚስት። ቴሌቪዥኑ በዝቅተኛ ድምፅ ዜና ያወራል። ወንድሟ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰና «ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ዓይንሽም እንደ ድሮው አይደለም። ምን ልትሰፊባት ነበር?» ሲል ጨመረ። እውነቱን ነው። ከሚሰድባት ይልቅ እውነቱን ሲነግራት ነው ሁልጊዜ መልስ የሚያጥራት። ዕድሜ ልኳን እንዲህ ሲላት «እሱስ ልክ ነህ» ነበር የምትለው፤ ዛሬም ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ቤቱ በማን ስም ነው?»

«ምን አልሽ?» ሰምቷታል።

«ቤቱ። በማን ስም ነው የተመዘገበው?»

ወንድሟ ሚስቱን አያት፤ ሚስቱ ሳህኗን አየች። «በእኔና በእሷ ነዋ» አለ። ከዚያ የባንክ አሠራር እንዲህ ነው፣ ሦስት ሰው ሲሆን ነገር ይበዛል፣ ለማሳጠር ነው እያለ ረዘም አድርጎ አስረዳት፤ ነጋዴ ነውና፣ ገበያ ላይ ለደንበኛ ዕቃ ሲያስረዳ እንደሚያደርገው እጁን እያወራጨ። «ምን ልዩነት አለው? አንድ ቤተሰብ አይደለን?» ብሎ ጨረሰ።

«ምንም ልዩነት የለውም» አለች እትዬ።

«ማን ምን አለሽ? ዛሬ የት ሄደሽ ነው የዋልሽው?» ድምፁ ከፍ አለ። «ማን ያስወጣሻል ከዚህ ቤት?»

«ያስወጡኛል አላልኩም።»

እትዬ የወንድሟን የጎን ፊት እያየች ጠበቀች። ቅንድቡ ላይ ያለችው ጠባሳ አሁንም አለች፤ ከአጥር ላይ ወድቆ ሐኪም ሲሰፋለት ጭኗ ላይ አስቀምጣ ግንባሩን የያዘችው እሷ ናት፣ ያኔ እሷም ልጅ ነበረች። ዞር ብሎ ቢያያት ጥያቄዋን ራሷ ትተወው ነበር፤ ደክሞኝ ነው ልትለው ተዘጋጅታለች። እሱ ግን ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ፣ ዓይኑንም እዚያው ተከለ። ዜናው አልቆ ማስታወቂያ ገባ፣ ማስታወቂያውንም ሳያጓድል አየው። የወንድሟ ሚስት ተነሳችና ድምፅ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። የባሏን አነሳች፣ የራሷን ላዩ ላይ ደረበች፣ የእትዬንም አነሳች። እትዬ ገና ግማሹን አልበላችም ነበር።